ባዶ ለባዶ ወይስ አንድ እኩል

የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጽፍም፤ ግን ማንም እንዳይቀር አንድ በአንድ ልቁጠር።

አንደኛው እኔ ነኝ። ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለችው የሞባይልና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ፣ መደገፊያው በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፤ ብየዳ ያስተማሩኝ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ሥራ ቢያቆሙም ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዘው ከቡራዩ ይመጡና በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ የፕላስቲክ ዕቃና ሳሙና ትሸጣለች። ከሱቋ ቀጥሎ ኳስ የሚያሳይ ቤት ስላለ በግድግዳው ከሚመጣው ጩኸት ብቻ ማን እንዳገባ ታውቃለች። አራተኛው ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ፣ ወተትም የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ከስማቸው ፊት እንደ አቶ «ኦቦ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ስማቸውን ልተወውና እዚህ ኦቦ ብቻ ልበላቸው። አምስተኛዋ የኦቦ ልጅ ናት። አስረኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አስራ አንደኛ የምታልፍበት ክረምት ነበር። የቆመችው ከአባቷ በስተቀኝ፣ የተበላሹ ስልኮች ከሚቀመጡበት ሳጥን አጠገብ ነው።

ቀኑ የነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስር ተኩል ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ ላጠበው አልቻልኩም። ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሁላችንም ጮክ ብለን ነበር የምናወራው። ይህን የማነሳው በኋላ የምጽፈው አንድ ነገር በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

«አካም ጅርታ!» አሉ ኦቦ ገና ከበሩ፣ ካፖርታቸውን እያራገፉ።

«ፈያ ኦቦ! አንቱስ እንዴት ሰነበቱ?»

ስልካቸውን ሰጡኝ። ሰፈራቸው መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበርና ለዚያ የመጡ መሰለኝ። ስልኩን ሰካሁት። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ ጠረጴዛው አቀረቧት።

«ይቺንም አምጥቼልሃለሁ።»

«እሷንም ቻርጅ ላድርጋት?» አልኩ።

«እሷስ ሙሉ ናት፣ ባይሆን አንተን እንሰካህ» አለች ጎረቤቴ። ከዝናቡ ለመጠለል ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሼ ፈገግ አሉ።

ኦቦ አልሳቁም። «ተፈጥሮ ሳይንስ ካልገባሁ ትላለች። ወንድሞቿ ማኅበራዊ ይሻልሻል ይሏታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንተ ኤሌክትሪክ ታውቃለህ። እስቲ ጠይቃትና ትችላለች ወይም አትችልም በለኝ። ሰኞ ቅጽ ትሞላለች።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ በአስረኛ ክፍል ፈተና ወደሚቀጥለው የሚያሳልፍ ውጤት ያላመጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከጋሼ እጅና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የድሮ የአማርኛ ፊዚክስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። «ኦቦ፣ ይህን መምህሯን ይጠይቁ» ማለት እችል ነበር። ግን ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ እኔ ዘንድ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለኝ። ወንበሬን ወደ ፊት ሳብኩ።

በዚያ መጽሐፍ ቻርጅ «ሙል» ይባላል። ፕሮቶን አዎንታዊ ሙል አለው፤ ኤሌክትሮን አሉታዊ ሙል አለው፤ ኒውትሮን ገለልተኛ ነው። ቃላቱን እወዳቸው ነበር። አንዱ አዎን ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል፣ ሦስተኛው ገለል ብሎ ይቀመጣል። ሙል የሚለውን ግን ራሴው ከመሙላት ጋር አገናኝቼው ነበር። እንስራ ውሃ እንደሚሞላ ቅንጣቱም በሆነ ነገር የተሞላ አድርጌ ነበር የማስበው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሙል የሌለው ቅንጣት ያልተሞላ እንስራ ነው። የሥራዬም ጠባይ ይህን ሐሳብ አጠናከረልኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው የሞላ ባትሪና ያለቀ ባትሪ ነው።

«ፕሮቶን?» አልኳት።

«ፖዘቲቭ።»

«ኤሌክትሮን?»

«ኔጌቲቭ። መጠናቸው እኩል ነው፤ የሚለያዩት በምልክት ነው።»

መጠናቸውን አልጠየቅኳትም ነበር። «ኒውትሮን?»

«ዜሮ» አለች። ከዚያ የኳስ ቤቱ ጩኸት ወደሚመጣበት ግድግዳ ተመለከተች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«ዜሮ የሆነው ባዶ ለባዶ ሆኖ ነው ወይስ አንድ እኩል ወጥቶ ነው?»

ኳስ ለማያይ ሰው ልግለጸው። ሁለቱም አቻ ውጤት ነው። ባዶ ለባዶ ሲሆን ያገባ የለም። አንድ እኩል ሲሆን ሁለቱም አግብተው ጎሎቹ ተጣፍተዋል። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ነጥብ ይዘው ስለሚወጡ ነጥቡን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ጨዋታዎች አይለያዩም። ሜዳ ውስጥ የሆነው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ ይህን ነው፤ ኒውትሮን ከውጭ ዜሮ የሆነው ውስጡ ምንም ስለሌለ ነው ወይስ አዎንታና አሉታ ውስጡ ተጣፍተው?

መልሱን አላውቅም ነበር። መጽሐፌ ላይ አልነበረም። ጥያቄ መሆኑን እንኳ ከዚያች ደቂቃ በፊት አላውቅም ነበር።

ሳቅ ተነሳ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ኒውትሮን ኳስ አይጫወትም፣ እህቴ። ባዶ ነው። ባዶ ደግሞ ባዶ ነው።»

ይህ ሳይበቃኝ ላሳያት ፈለግኩ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን ቀይና ጥቁር ሽቦ አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ ካገኘሁት አንድ የስልክ ባትሪ ጫፍ ላይ ሁለቱንም አሳረፍኳቸው። ሜትሩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አለ። «አየሽ? ዜሮ ካለ ምንም የለም ማለት ነው።»

ያ ባትሪ ጠዋት የሞላሁት ሙሉ ባትሪ ነበር። ዜሮ ያለው ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ጫፍ ላይ ስላሳረፍኳቸው ነው። ጋሼ ሥራ ባስተማሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፤ ሜትሩ ዜሮ ሲልህ ባትሪውን ከመጣልህ በፊት ሽቦህን የት እንዳሳረፍክ እይ ብለውኝ ነበር። ጋሼ እጄን አዩት። ምንም አላሉም።

ልጅቷ ግን አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለቱንም እኮ አንድ ቦታ ነው የነካኸው» አለች።

ሰምቻታለሁ። ጮክ ብለን እናወራ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። እሷ ብቻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረች ዝናቡን ምክንያት አድርጌ እንዳልሰማ ሰው ሆንኩ።

«እሺ፣ ትችላለች?» አሉ ኦቦ።

የመለስኩት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ትሸመድዳለች፣ ኦቦ። ነገሩ ግን ገና አልገባትም።»

ኦቦ ልጃቸውን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ጎረቤቴን አዩ። «የተማርኩ አይደለሁም» አሉ። «ሳቅ ግን ይገባኛል።» ወደ ልጃቸው ዞረው «ካኢ፣ ዴምና» አሏት፤ በቃ እንሂድ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ስልካቸውን ረስተውት ነበር። ሳየው ሠላሳ አራት በመቶ ላይ ደርሷል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሊወስዱ ብቻቸውን መጡ። ሳልጠይቃቸው «ማኅበራዊ ሞላች» አሉኝ። «ደግ አደረገች» አልኩ።

መሳሳቴን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ማያ ገጹ የተሰነጠቀ ታብሌት ሊያሠራ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውስጡ የነበሩትን የፊዚክስ መጻሕፍት እንድገለብጥ ፈቀደልኝ። እንግሊዝኛዬ የሚያስመካ ስላልሆነ አንዱን ምዕራፍ ለመጨረስ አስራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የተረዳሁትን በራሴ ቃል ልጻፈው።

ፕሮቶንና ኒውትሮን ድፍን አይደሉም። ውስጣቸው ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። ለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ዓይነቶች ይበቁናል፤ አንዱ አፕ፣ ሌላው ዳውን ይባላል። የኤሌክትሮንን የሙል መጠን ለሦስት እኩል ብንከፍለው፣ አፕ በአዎንታ በኩል ሁለት እጁን ይይዛል፤ ዳውን በአሉታ በኩል አንድ እጁን ይይዛል። ፕሮቶን ሁለት አፕና አንድ ዳውን ነው። ሁለትና ሁለት አራት፣ ከአራት አንድ ሲነሳ ሦስት፤ ሦስት ሦስተኛ ደግሞ አንድ ሙሉ ነው። ኒውትሮን አንድ አፕና ሁለት ዳውን ነው። በአዎንታ በኩል ሁለት። በአሉታ በኩል አንድና አንድ፣ ሁለት።

ሁለት እኩል።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። በአንዱ ወገን አንድ ተጫዋች ሁለት ጎል አግብቷል፤ በሌላው ወገን ሁለት ተጫዋቾች አንድ አንድ አግብተዋል። ልጅቷ ከሰጠችኝ ሁለት ምርጫዎች ትክክለኛው ሁለተኛው ነበር፤ የተሳሳተችው በጎሉ ብዛት ብቻ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሌላም ነበር። ኒውትሮን ሙል ባይኖረውም እንደ ትንሽ ማግኔት ይሆናል፤ ውስጡ የምር ባዶ የሆነ ነገር እንዲህ ሊሆን አይችልም ብለው ሰዎች ከጠረጠሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር ይላል። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት የሷን ጥያቄ ነው።

ስለ ሙል የነበረኝ ሐሳብም ፈረሰ። ሙል የሚሞላ ነገር አይደለም። የኤሌክትሮን ሙል አይጎድልም፣ አይጨመርም፣ ተራግፎ አያልቅም፤ ሙል የተቀነሰበት ኤሌክትሮን ያየ ሰው የለም። ባትሪ እንኳ ስንሞላ ኤሌክትሮን አንጨምርበትም፤ ያሉትን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ነው የምንገፋቸው። ይህን ሥራ ለስንት ዓመት ስሠራ ኖሬ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የምዕራፉ መጨረሻ ነው። ኤሌክትሮንና ፕሮቶን በሌላ ነገራቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሲሆኑ የሙላቸው መጠን ለምን እንዲህ ልክ ለልክ እኩል ሆነ ብሎ ይጠይቅና፣ ምክንያቱ በእርግጠኝነት አይታወቅም ይላል። አይታወቅም። በታተመ መጽሐፍ፣ ማንም ሳይስቅበት። እኔ በአንዲት መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ አራት ሰዎች ፊት፣ ይህችን ቃል ማውጣት አቃተኝ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ለማንም ሳልናገር አራት ዓመት ቆየሁ። ለዚህ ምክንያት የለኝም። ኦቦ መብራት በሄደ ቁጥር ይመጡ ነበር። ስልካቸውን ስቀበል «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፤ ስመልስላቸው «ሰላም ይዋሉ» እላለሁ።

ልጅቷ ቡራዩ አስተማሪ መሆኗን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ኅዳር፣ ሐሙስ ቀን፣ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሦስት ትናንሽ ክቦች በአንድ ትልቅ ክብ ውስጥ የሣልኩበት ወረቀት ይዣለሁ። በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። «ቲቸር፣ ሰው ይፈልግሻል!» እያሉ ልጆች ጠሯት። እጇ ላይ ጠመኔ ነበር። ወዲያው አወቀችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ሁለት እኩል?»

«ሁለት እኩል።»

«እኔ አንድ እኩል ነበር ያልኩት።»

«ቀርበሽ ነበር። በጣም ቀርበሽ ነበር።»

«እኔ እኮ ኒውትሮኑን ረስቼዋለሁ» አለች። «ሳቁን ነው ያልረሳሁት። መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ።»

«ጎረቤቴ መስላኝ ነበር።»

«አንተ ነህ። እሷ አንተን አይታ ነው የሳቀችው።»

ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። «አንተ ጋ ይቀመጥ። እኔ የማስተምረው አራተኛ ክፍል ነው፤ አቶም ገና አልደረስንም።» ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ይቅርታ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ልትገባ ስትል ዞር ብላ፣ «ለኔ ሳይሆን ለአባቴ ንገረው» አለችኝ። «ሠርግም ላይ፣ ለቅሶም ላይ፣ 'ይቺ ልጄ ስለ ኤሌክትሪክ ስትጠየቅ ስለ ኳስ የመለሰች ናት' እያለ ያስቃል። እስከ ዛሬ።»

መብራት እስኪሄድ አልጠበቅኩም። በማግሥቱ ወተት ወደሚያስረክቡበት ቦታ ሄጄ ጠበቅኳቸው።

«ኦቦ፣ ያኔ ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ ልክ ነበር። መልሱን አላውቅም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ባዶውን ጀሪካን መሬት አስቀመጡ። «ትችል ነበር ማለት ነው?»

«ትችል ነበር።»

የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «እኔ የወሰንኩት በቃልህ አይደለም» አሉ። «ቃልህ አልገባኝም ነበር። የወሰንኩት በሳቁ ነው። ማን ነበር የሳቀው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ» አሉ። «እንደ ዕቃህ ለክተህ ንገረኝ።»

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። ጎረቤቴ፣ «እኔ የሳቅኩት ጎል ገብቶ ነው» ትላለች። የትኛው ጨዋታ እንደነበር ስጠይቃት፣ «አንተ ደግሞ! ስድስት ዓመት ያለፈው ሳቅ ይመዘገባል?» አለች። ጋሼ አሁን ሰበታ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ጆሯቸውም ደክሟል። እሳቸው የሚያስታውሱት እጄን ነው። «ሁለቱንም ሽቦ አንድ ጫፍ ላይ አድርገህ ነበር» አሉኝ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ደንበኛህ ፊት ላሳፍርህ?» አሉኝ። በሙያችን እንዲህ ነው፤ የባለሙያ ስህተት የሚነገረው ደንበኛው ከወጣ በኋላ ነው። እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ። እሷን ግን ማንም አላዳናትም። ደግሞም ደንበኛው ከወጣ በኋላ አልነገሩኝም፤ ያ ቅዳሜ መሽቶ ወደ ቡራዩ ሄዱ። ምናልባት ነግረውኝ እኔ ረስቼው እንደሆነ አላውቅም።

የኔን ትዝታ ደግሞ አላምነውም። በኔ ትዝታ ውስጥ «ሳቅ ተነሳ» ነው ያለው። ከላይ የጻፍኩትም እንደዚያው ነው፤ ተመልሳችሁ እዩት። ሳቁ ባለቤት የለውም። ሌላውን ሁሉ፣ የስልኩን ሠላሳ አራት በመቶ እንኳ፣ በልኩ የያዝኩ ሰው ይህን ብቻ እንዲህ አድርጌ ማስቀመጤ ደህና ምልክት አይመስለኝም።

ያን ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ለነበራችሁ አራታችሁ ይህን ጽፌ እሰጣለሁ። ለኦቦ ልጃቸው ታንብብላቸው። የጎደለ ካለ ጨምሩበት፤ ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታ፣ ያልኩትንና ያልጻፍኩትን። ጎረቤቴ፣ ያ ጎል ከጥያቄው በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ጋሼ፣ ከእጄ ቀና ብለው ፊቴን አይተውት ነበር? መጀመሪያ ማን ሳቀ? እኔ ከሆንኩ፣ ደንበኛ ፊት ነው ብላችሁ አትተዉኝ።